ቃሉ በእስክሪብቶ፣ ስያሜው በእርሳስ

ሲስተር ስትሮጥ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። እኔ እዚህ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን እሳት ተነሳ ተብሎ ሆስፒታሉ በሙሉ ወደ ግቢ ሲተም እንኳ፣ እሷ በእርጋታ እየተራመደች «ጫማችሁን ሳታደርጉ እንዳትወጡ» እያለች ነው የወጣችው። ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ኮሪደሩን በሩጫ ሰንጥቃ መጣች። ነጭ ጋውኗ ከኋላዋ ይውለበለባል፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል፣ ሁልጊዜ ከጆሮዋ ኋላ የምትሰካው እርሳስ የለም። እርሳሱ አለመኖሩን ሳይ ነው የምር የደነገጥኩት።

«የሰባት ቁጥሩን ፋይል ስጠኝ!»

«መጀመሪያ ደህና አደርክ ይባላል።»

«ደህና አደርክ! ፋይሉን ስጠኝ! ከገባ ጀምሮ ያለውን ሁሉ፣ የማክሰኞዎቹን ወረቀቶች ጭምር! ቶሎ በል እንጂ፣ ሰውዬው ሐሙስ ሊሄድብን ነው!»

ሰባት ቁጥር የአልጋ ቁጥር ነው። እዚያ አልጋ ላይ የሚተኛው ታፔላ ጸሐፊ ነበር፤ የሱቅ፣ የጋራዥ፣ የፀጉር ቤት ስም በብሩሽና በቀለም ሲጽፍ የኖረ፣ ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው። የጻፋቸው ታፔላዎች እርስ በርሳቸው እየተጠራሩ ያሙኛል ብሎ፣ መሰላል ተሸክሞ እየዞረ የገዛ ሥራውን በጥቁር ቀለም ሲያጠፋ ተይዞ ነው የመጣው። በመድኃኒት ሐሜቱ በአንድ ወር ውስጥ ጸጥ አለለት። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ሰውዬው ደነዘዘ። አይስቅም፣ አያዝንም፣ ሲጠሩት ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሲጠይቁት በሁለት ቃል ይመልሳል። ፋይሉ ላይ «ፍላት አፌክት» ተብሎ ተጻፈበት። ስሜት የማይነበብበት ፊት፣ የደነዘዘ ገጽታ ማለት ነው። እሱን ተከትሎ «ንግግሩ የተሟጠጠ» መጣ፣ ቀጥሎ «ፍላጎት ያጣ»፣ ቀጥሎ «ለውጥ የለውም»። ሐሙስ ደግሞ ቦርዱ ይቀመጣል። ቦርዱ ከፈረመ የስምንት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለው የረጅም ጊዜ ማቆያ ይወሰዳል። ወደዚያ የሄደ ሰው ፋይል ተመልሶ እኔ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ሚስቱ እንኳ ተስማምታለች።

እንግዲህ ሲስተር ማን እንደሆነች ሳልናገር ወደፊት ብሄድ ነገሩ አይገባችሁም። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ፊት ለፊት ሲስተር ትባላለች፤ ዞር ስትል «ቃል በቃል» ነው ስሟ። ሁለት ታናሽ ወንድሞቿን አስተምራለች፣ አንድ ጊዜ አግብታ ፈትታለች። ለምን እንደተለያዩ ስጠይቃት «ሳልናገር የምለውን ያውቅ ነበር» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀልድ ነው እል ነበር።

ይህ ጠባይ የመጣባት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ተማሪ ነርስ ሆና መጀመሪያ የተመደበችበት ዋርድ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቀኑን ሙሉ በመስኮት ሲያዩ ይውላሉ፤ ብትጠራቸው አይዞሩም፣ ብትጠይቃቸው አይመልሱም። እሷም አዲስ የተማረችውን ቃል ሁሉ አሰለፈችና «ራሷን ያገለለች፣ ለጥያቄ ምላሽ የማትሰጥ፣ ከአካባቢዋ ጋር ግንኙነት ያቋረጠች» ብላ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈች። የዋርዱ አለቃ የነበሩት ነርስ አነበቡት። ምንም ሳይናገሩ በእጅጌዋ ይዘው አልጋውን አዞሯትና በሌላኛው በኩል ጎንበስ ብለው፣ «እናቴ፣ ምሳ በልተዋል?» አሉ።

«በልቻለሁ ልጄ፤ ለመሆኑ እዚህ ቤት ጨው የሚባል ነገር የለም እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

ግራ ጆሯቸው አይሰማም ነበር፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አለቃዋ ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ሰጧት። «ያየሽውንና የሰማሽውን በእስክሪብቶ ጻፊ። አንቺ የሰጠሽውን ስያሜ በእርሳስ። የሚጠፋው የቱ እንደሆነ ነገ ይታወቃል» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሳስ ከጆሮዋ ኋላ ተለይቶ አያውቅም። ሁለት ላጲስም ኪሷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፣ አንዱ መለዋወጫ ነው።

ወረቀቷ በሁለት ይከፈላል። በቀኝ በኩል በእስክሪብቶ የሕመምተኛው የራሱ ቃል፣ በግራ በኩል በእርሳስ የእኛ ስያሜ። አንዷ «ልቤ ሰው ቤት ገብታ ቀርታለች» ትላለች፤ ከጎኑ በእርሳስ «ድባቴ» ይላል። አንዱ «ሐሳቤ ፍሬን የለውም» ይላል፤ ከጎኑ «የሐሳብ መሽቀዳደም»። «ራዲዮኑ የእኔን ጉዳይ ነው የሚያነበው» ላለው «የተሳሳተ እምነት»፣ «ሞቶ የተቀበረው ወንድሜ ጠራኝ» ላለችው «የሌለ ድምፅ መስማት»። ስሜት ሁለት ቦታ ነው የሚመዘገበው፤ አንዱ ሰውየው ውስጤ እንዲህ ነው ብሎ የነገረን፣ ሌላው እኛ ፊቱ ላይ ያየነው። ለአዲስ ነርሶች ስታስተምር «ፊቱን አይታችሁ ልቡን አትሙሉበት፤ ጠይቁት!» ትላለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የእሷን ወረቀት ሳስገባና ሳወጣ ግማሽ ሐኪም ሆኛለሁ። ባለቤቴ «ደክሞኛል» ስትለኝ በእርሳስ ነው የምሰማው፤ እሷ ደግሞ ይሄ ያናድዳታል።

ከሲስተር ጋር የተጣላነው በማክሰኞ ወረቀት ነው። በአእምሮ ሁኔታ ምርመራ ላይ ሕመምተኛውን «አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፤ የፈለግከውን» ብሎ ማዘዝ የተለመደ ነው። ሌሎች አይተው ይጥሉታል። እሷ ግን በየማክሰኞው ታስጽፍና «ፋይል ውስጥ ይግባ» ትላለች። መደርደሪያዬ አበጠ! ባለፈው ዓመት በካርቶን አሽጌ ላቃጥላቸው ስል በር ላይ ቆማ «እኔን አብረህ አቃጥል» ብላኝ ነው የተረፉት። ይህን የምናገረው ራሴን ለማሳጣት ነው፤ ቢቃጠሉ ኖሮ ዛሬ የማወራው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ያን ጠዋት ዋርዱ ውስጥ የሆነውን ከአምስት ሰው ሰምቻለሁ፤ አምስቱም እየሳቁ ነው የነገሩኝ። የዋርዱ ዶክተር ጎበዝ ሐኪም ነው፣ ችግሩ ጥድፊያው ብቻ ነው። በጠዋቱ ዙር ተማሪዎቹን አስከትሎ ሦስት ቁጥር አልጋ ላይ ወዳሉት ጡረተኛ አስተማሪ ደረሰ። ሕመምተኛው ቀኑንና ያለበትን ቦታ ማወቁን መጠየቅ ደንብ ነውና፣

«አባባ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አላቸው።

«ማክሰኞ።»

ዶክተሩ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀና «ሰኞ ነው፣ አባባ» ብሎ ሊጽፍ ሲል ዋርዱ በአንድ ድምፅ «ማክሰኞ!» አለ። ስልኩን አውጥቶ አየ። ማክሰኞ ነው! አስተማሪው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ያጋጥማል። ያለህበትን ቦታስ ታውቀዋለህ?» አሉት።

ዋርዱ በሳቅ ፈረሰ። ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ጥላ ባልዲው ላይ ተቀመጠች፤ ከተኛ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰው የአሥራ አንድ ቁጥሩ ወጣት ሳይቀር ትራሱን ነክሶ ሳቀ፤ ዶክተሩ ራሱ ግድግዳ ተደግፎ እንባውን ጠረገ። ያልሳቀው ሰባት ቁጥር ብቻ ነው። ፊቱ እንደተለሰነ ግድግዳ ጭጭ ብሏል። ዶክተሩ በዓይኑ ለተማሪዎቹ ጠቆማቸው፤ «ይኸውላችሁ» ማለቱ ነው። ተማሪዎቹም ጻፉ።

ሲስተር ግን ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ወንድሜ፣ አላሳቀህም እንዴ?»

ታፔላ ጸሐፊው ወደ እሷ ዞረ። አንገቱ ብቻውን አይዞርም፤ ትከሻውን አስከትሎ ነው። ከፍ ዝቅ በሌለው ድምፁ፣ «ሲስተር፣ ውስጤ በሳቅ ሊሞት ነው። ፊቴ እንቢ አለኝ» አላት።

እርሳሷ የወደቀው ያኔ ነው። ወረቀት ሰጠችው፤ የማክሰኞውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ፊደሎቹ የሰሊጥ ፍሬ አያክሉም፤ መነጽሯን ብታጠጋው ብታርቀው ማንበብ አቃታት። እንግዲህ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው! ብድግ አለችና ሮጠች።

በሩን ቆለፍኩት። ጠረጴዛው ስላልበቃን ወለሉ ላይ ተንበርክከን አሥራ ዘጠኝ ወረቀት በቀን በቀኑ ደረደርን። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ያን ቀን ጉልበት እንዳለኝም ረስቼዋለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ፣ በታፔላ ጸሐፊ ኩራት፣ አውራ ጣት በሚያክል ፊደል፣ «የሱቅ ስም ከመንገድ ማዶ መነበብ አለበት» ይላል። ሁለተኛው፣ «ቢጫ ቀለም ፀሐይ አይችልም፤ ለደንበኛ ቀድሞ መንገር ነው።» ሦስተኛውም ያው ነው። ከአምስተኛው ጀምሮ ግን ፊደሉ ዝቅ ማለት ጀመረ። በስምንተኛው እንደ ማንኛችንም ጽሑፍ ሆነ። በአሥራ ሁለተኛው ተማሪ ለፈተና ኩረጃ የሚጽፈውን አከለ። ከዚያ ወዲያ ፊደሉ ተሰልፎ የሚሄድ ጉንዳን ይመስላል። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ። ከሁለት ሴንቲ ተኩል ተነስቶ ሁለት ሚሊ ደርሷል!

«የመድኃኒቱን ገጽ አንብብልኝ» አለች።

አነበብኩላት። በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ እንዲለቀው ተብሎ ተጨምሯል፤ ለቀቀው። በሰባተኛው ተጨመረ፤ ምክንያት፣ «ገጽታው የደነዘዘ።» በአሥራ አንደኛው ተጨመረ፤ ምክንያት፣ «ገጽታው አሁንም የደነዘዘ።» በአሥራ አምስተኛው ተጨመረ። መድኃኒቱ አንድ ደረጃ ሲወጣ ፊደሉ አንድ ደረጃ ይወርዳል።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «ፊቱ ደነዘዘ ብለው መድኃኒት ጨመሩ፤ መድኃኒቱ ደግሞ…»

«ፊቱን አሰረው!» ብላ ጮኸች። ሲስተር ጮኸች! «ጡንቻውን ነው ያሰረው፤ እጁን፣ አንገቱን፣ ፊቱን! ስሜቱ ውስጥ አለ፤ መውጫ በሩን ነው የዘጋንበት! ይሄ እኮ ተማሪ ሆነን የተማርነው ነገር ነው። መድኃኒቱ ሲበዛ የሚመጣ መገተር አለ፤ ከሕመሙ ድንዛዜ ለዩት፣ አታምታቱት ይሉን ነበር። አምታታነው!» ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችብኝ። ለሃያ ሁለት ዓመት እጄን እንኳ በወጉ ጨብጣኝ አታውቅም። ሁለት ጎልማሶች በወረቀት መሐል ተንበርክከን እንደ ጎል ያገባ ተጫዋች ስንተቃቀፍ ሰው ቢያየን ኖሮ ሁለት አልጋ ይዘጋጅልን ነበር።

ደስታው የቆየው አምስት ደቂቃ ነው። «እስኪ መጀመሪያ ማን እንደጻፈው ልይ» አለችና ወደ ኋላ ገለጠች። ዶክተሩ «እንደ በፊቱ» ብሎ ነው የጻፈው። ከእሱ በፊት የነበረችው ተረኛም «እንደ በፊቱ»። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት እንደሚባለው፣ አንዱ ያወጣውን ሌላው ሲቀባበለው ነው የኖረው። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ደረሰችና ቆመች። «ገጽታው የደነዘዘ» ይላል፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ። በቀኝ በኩል የሕመምተኛው ቃል መኖር በነበረበት ቦታ ባዶ መስመር ነው። ጽሑፉ የእሷ ነው።

ቀኑን አስታወሰችው። ሁለት ነርሶች ቀርተው ሃያ አራት አልጋ ብቻዋን የያዘችበት ቀን ነበር። በሩ ላይ ቆማ ፊቱን አይታ፣ ሳትጠይቀው ጽፋ አለፈች። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ መስመር! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄኛው ግን የፈሰሰው ሰው ነበር።

እኔ ሰነፍ ሰው ነኝ፤ አፌ ቀደመኝ። «ሲስተር፣ አሥራ ዘጠኙ ወረቀት ብቻውን ይበቃል። ይቺ አንዷ ገጽ… ፋይል ነው፣ ወረቀት ይወድቃል፣ ይጠፋል። ካርድ ክፍል እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወረቀት ሳይጠፋብህ ኖረህ፣ ዛሬ ለእኔ ብለህ ልታጠፋ?»

«አዎ።»

«እግዜር ይስጥህ» አለች። ቀጥላ፣ «አሁን አፍህን ዝጋና ሁሉንም በቅደም ተከተል እሰርልኝ። ያቺን ገጽ ከላይ አድርጋት» አለች።

ሐሙስ ስብሰባው የተደረገው በትንሿ አዳራሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ በሊቀ መንበርነት፣ ዶክተሩ በቀኙ፣ የነርሶች አለቃዋ በግራው። ታፔላ ጸሐፊው ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ በአፉ ዳር ምራቅ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። ሚስቱ ከእሱ ሁለት ወንበር ርቃ ነው የተቀመጠችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደረቷ ላይ ሁለት መርፌ ከነክራቸው እንደተሰኩ ከሥራ ቀጥታ መጥታለች። እኔ ፋይል ተሸካሚ ሆኜ በር ሥር ቆሜያለሁ።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ሚስቱን ጠየቃት። «እመቤት፣ በዝውውሩ መስማማትዎን ፈርመዋል። አሁንም በዚያው ነዎት?»

«ምን ላድርግ ብለው ነው?» አለች። «አራት ወር ሙሉ በየረቡዑ መጣሁ። አንድ ቀን ፊቱ አልበራልኝም። ጠላኝ እንዴ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። የማይፈልገኝን ሰው በግድ ባሌ ነህ ልበለው?» ስትናገር እሱን አታየውም።

ሲስተር ተነሳች። ብዙ የምትናገር መስሎኝ ነበር። «ስድስተኛው ሳምንት ላይ ገጽታው የደነዘዘ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሳልጠይቀው ጻፍኩ። ሌላው ሁሉ የተጻፈው በእኔ ላይ ተመሥርቶ ነው። ማክሰኞ ዕለት ጠየቅሁት፤ ያለኝን ላንብብላችሁ።» በእስክሪብቶ የጻፈችውን አነበበች። «ውስጤ በሳቅ ሊሞት ነው። ፊቴ እንቢ አለኝ።» ከዚያ ለእኔ ምልክት ሰጠችኝ፤ አሥራ ዘጠኙን ወረቀት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋሁት። ከጎናቸው መድኃኒቱ የተጨመረባቸውን ቀኖች አስቀመጥኩ። ወረቀቱ ራሱ ይናገር ነበር።

ዶክተሩ ተነሳ። መቼም ሐቁን አልነሳውም፤ ሌላ ቢሆን ይከራከር ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ ታፔላ ጸሐፊው ሄደና ክንዱን ይዞ በክርኑ አጠፈው። ክንዱ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቆም ቆም፣ ቆም ቆም እያለ ታጠፈ። ሌላኛውንም አጠፈ። ያው ነው። ዶክተሩ ፊቱ ቀላ፤ «አራት ወር ይህን ክንድ አጥፌ አላየሁም» አለ፤ ለማንም አይደለም የተናገረው።

እኔ በልቤ ጨፈርኩ! ነገር ግን ገና አላለቀም ነበር። የነርሶች አለቃዋ የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች አንስታ ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «ለመሆኑ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀች።

ሲስተር አላነበበቻቸውም። እኔም አላነበብኳቸውም። በማስመሪያ ስንለካ፣ ስንጮህ፣ ስንተቃቀፍ፣ «ቃል በቃል» የተባለችው ሴትዮ ቃሉን አላየችውም! ሥራ አስኪያጁ ሞከረ፣ አቃተው። ዶክተሩ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሊያጎላው ሲል፣

«ስጡኝ» አለች ሚስቱ። «እኔ ከዚህ ያነሰ ስፌት ነው የምተረትረው።»

አሥራ ሁለተኛውን ወረቀት ተቀበለችና ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አነበበች። «ነገ ትመጣለች። ደስ ብሎኛል።» አሥራ ሦስተኛውን አነሳች። «ነገ ትመጣለች። ደስ ብሎኛል።» አሥራ አራተኛውን። «ነገ ትመጣለች። ባለፈው ስትመጣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር።» ድምጿ እየተቆራረጠ መጣ። ማክሰኞ ነው የሚጻፈው፤ የጥየቃ ቀን ደግሞ ረቡዕ ነው። አሥራ ዘጠነኛውን፣ ያን የጉንዳን መንገድ የመሰለውን፣ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየችው። «ነገ ትመጣለች። ደንዝዟል ብለው ነገሯት መሰለኝ፣ ፊቴን እንዳታምን ንገሩልኝ።»

ታፔላ ጸሐፊው ቀስ ብሎ፣ ከነትከሻው፣ ወደ ሚስቱ ዞረ። ፊቱ ያው ነው፤ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም።

«ጽፌው ነበር» አላት።

ሁለቱን ወንበር እንዴት እንደዘለለቻቸው አላየሁም፤ እኔ ዓይኔን እየጠረግሁ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የዝውውሩን ወረቀት ለሁለት ቀደደው። እንዲህ ያለ ወረቀት መቀደድ ክልክል ነው፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኩት።

ሲስተር የዚያኑ ዕለት የስድስተኛውን ሳምንት ገጽ አስወጣችና ከሰማያዊዋ መስመር ሥር በእስክሪብቶ «ሳልጠይቅ የጻፍኩት ስለሆነ ስህተት ነው» ብላ ፈረመችበት። በሳምንቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። የግል ማኅደሯ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ልቀድደው እጄን እየበላኝ። እሷ ግን «በእስክሪብቶ ነው የጻፉት? ጥሩ» ብላ ሄደች። ዶክተሩ ደግሞ አሁን ተማሪዎቹን ይዞ በየአልጋው ሲዞር መጀመሪያ ክንድ ያጥፋል። ስልኩንም አውጥቶ ቀኑን ሳያይ ማንንም ቀን አይጠይቅም፤ አስተማሪው ዝም ብለው አይተውትም።

መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ተቀነሰ። ድምፆቹ ተመልሰው እንዳይመጡ ሁላችንም ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን፤ አልመጡም። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ እኔ የካርድ ክፍሉን ቆልፌ ወደ ዋርድ መውጣት ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ያለ መነጽር ማንበብ ተቻለ። በአራተኛው እንደ ማንኛችንም ጽሑፍ ሆነ። በሰባተኛው ማክሰኞ ሚስቱም ነበረች፤ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ረቡዕን መጠበቅ ትታለች። ሲስተር ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። እጁን እያወዛወዘ፣ ምላሱን በጥርሱ ያዝ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ሲጽፍ የወረቀቱን ሩብ ያዘ። ሁለተኛውን ጻፈ፣ ሦስተኛውን ጻፈ፤ ወረቀቱ አለቀ። ቀና ብሎ አየን።

«ሲስተር፣ ወረቀት ይጨመርልኝ» አለ፤ ያኔ የግራ ከንፈሩ ጫፍ ወደ ላይ ተሳበ፣ ቀኙም ተከተለው። ሚስቱ ጮኸች። ዋርዱ በሙሉ ተንጫጫ፤ አስተማሪው አልጋቸው ላይ ቆመው አጨበጨቡ።

ሲስተር ወረቀቷን አወጣች። በቀኝ በኩል በእስክሪብቶ፣ «ወረቀት ይጨመርልኝ» ብላ ጻፈች። እርሳሷን ከጆሮዋ ኋላ አውጥታ በግራው መስመር ላይ ትንሽ ያዘችው። ከዚያ ምንም ሳትጽፍ መልሳ ሰካችውና፣ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ወረቀት አምጣ እንጂ!» አለችኝ። እግሬ እስኪሰበር ሮጥኩ።